በፊውዙ ቦታ የገባው አምፖል

ቁንዶ የባትሪውን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገች ነበር። ነጩ ዝቃጭ ተልጦ ሲወድቅ እፍ ትለዋለች፤ ደግማ ትፈትጋለች። እጇ አይቸኩልም። አባቷ ይህችን ጋራዥ ሲያወርሳት አብሮ ያወረሳት ልማድ ነው፤ ደንበኛ ቢጮህም ባይጮህም ባትሪው ሳይጸዳ ሥራ አይጀመርም።

ዛሬ የሚጮኸው ግን ደንበኛ አልነበረም።

«ትጀምሪያለሽ ወይስ እዚሁ እንክረም?» አለ ከሁለቱ ወንድማማቾች ታላቅየው።

እግሩ ሥር የፊት በሩ መስታወት ተበትኗል። በሩ አልተቆለፈም ነበር፤ ገፋ አድርጎ መግባት ይችል ነበር። እሱ በእርግጫ ገባ። አሮጌውን ሞተር ብስክሌትም ከፒካፑ ላይ እንደ እህል ጆንያ ጎትቶ አወረደና ወለሉ ላይ በጎኑ ለቀቀው። አንደኛው መስታወቱ ተገንጥሎ እየተንከባለለ መደርደሪያው ሥር ገባ። ቁንዶ ሞተሩን ብቻዋን አንሥታ በመቆሚያው አቆመችው፤ ከዚያ ወደ ባትሪዋ ተመለሰች።

«ባትሪው ሲጸዳ» አለች አሁንም ቀና ሳትል።

እውነተኛ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። አጭር ናት፣ ጠይም ናት፣ ከነኳት ታቃጥላለች። ገና በልጅነቷ ሰፈሩ ቁንዶ በርበሬ አላት፤ በርበሬው በጊዜ ብዛት ቀርቶ ቁንዶ ሆነች።

ግድግዳውን ተደግፎ የታላቅየው ወንድም ቆሟል። ጢም አብቅሏል፣ ትከሻው ሰፍቷል፤ ቤተሰቡ ግን እስከ ዛሬ ማሙሽ ነው የሚለው። ቁንዶም ማሙሽ ትለዋለች። እሷ ስትለው ቃሉ ሌላ ነበር። ነበር።

ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ትልቁ የብረትና የሲሚንቶ መጋዘን የእነሱ ነው። ሟቹ አባታቸው ያን ሁሉ ሀብት የጀመረው በዚህ ሞተር ኮርቻ ላይ ምስማር በካርቶን ጭኖ እየዞረ ነው፤ ለዚህም ሞተሩ በቤቱ ውስጥ ከሰው እኩል ይከበራል። አምና ሽቦው ሁሉ አርጅቶ አልነሣም ሲል ማሙሽ እየገፋ ወደ ቁንዶ አመጣው። እሷም አሮጌውን ሽቦ አውጥታ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአዲስ ተካችው። ሥራው አለቀ፤ የማሙሽ መምጣት ግን አላለቀም። በኋላ በር ነበር የሚመጣው፣ በአጎቷ በበያጁ ግቢ ዞሮ፤ ወንድሙ እንዳያየው፣ እናቱም «የጋራዥ ልጅ» እያሉ ራሳቸውን እንዳይዙ።

ታዲያ ባለፈው ወር ታላቅየው በሞተሩ ወደ መጋዘኑ ሲታጠፍ ከነዳጅ ታንከሩ ሥር እሳት ተነሣ። ዘሎ ወረደ፤ ሠራተኞች አሸዋ ደፍተው አጠፉለት። ቀኝ ጭኑና ቀኝ እጁ ግን ተለበለቡ።

ቁንዶ ሆስፒታል ሄዳ ነበር። እናቲቱ በኮሪደሩ መሀል፣ «እጅሽ ይቆረጥ! ልጄን አቃጥለሽ ደግሞ ልታዪው መጣሽ?» ብለው ሲጮኹባት ማሙሽ እዚያው ነበር። ወለሉን አየ። ሲመሽ አንዲት መልእክት ላከላት፦ «ለጊዜው አትምጪ።» ቁንዶ ያችን መልእክት እየመላለሰች አነበበች። ፍቅሩን የደበቀበት ቦታ ካለ ብላ ፈለገች፤ አጣች። ቃሎቹ በጣም ጥቂት ነበሩ፣ የሚደበቅበት ቦታ የላቸውም።

ከዚያ በኋላ ማንም ሥራ አላመጣላትም። «ያቺ ሰው ያቃጠለችው» ተባለች። ስለዚህም ነው ትናንት፣ «ሞተሩን አምጡት፤ ሾርቱን በዓይናችሁ ፊት አገኘዋለሁ» ብላ ራሷ የላከችባቸው።

«እንግዲህ ስሚ» አለ ታላቅየው በፋሻ የተጠቀለለ እጁን እያወዛወዘ። «የእጅሽ ሥራ ሆኖ ከተገኘ ይቺን ጉሮኖሽን አዘጋታለሁ። አምፖል የሚያስቀይርሽ ሰው አይኖርም። ይሄም ደግሞ» አለና በአገጩ ወደ ወንድሙ ጠቆመ፣ «ዓይንሽን አያያትም።»

«ካልሆነስ?»

«ነው እንጂ!»

«ካልሆነስ አልኩህ?»

«ካልሆነ አፌን ዘግቼ እወጣለሁ። እሱም የሚሄድበትን ያውቃል፤ አልከለክለውም።»

ቁንዶ ያኔ ቀና አለች። ማሙሽ ከስቷል። የሸሚዙ ቁልፍ ተዛንፎ ተቆልፏል፤ አንደኛው ጎን ከሌላው ወደ ላይ ተሰቅሏል። ልታስተካክልለት እጇን በላት። ልትመታውም እጇን በላት። እሱ የተሰበረውን መስታወት ያይ ነበር።

*

ከላይኛው መደርደሪያ በቢጫ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወረደች። ስትፈታው ሁለት ሽቦ የተበየደላት አንዲት ቀይ የመኪና ፍሬን አምፖል ወጣች። አባቷ የሠራት ናት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ታላቅየው።

«ዳኛህ ነው።»

«እየቀለድሽ ነው?»

«ፊውዙን አውጥቼ በቦታው አምፖሉን አስገባለሁ። አንዱ ሽቦ ብረቱን ነክቶ ሾርት አድርጎ ከሆነ አምፖሉ ይበራል። ከዚያ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አነሣለሁ። ጥፋተኛውን ከብረቱ ያላቀቅኩ ጊዜ አምፖሉ ይጠፋል። እኔ ብዋሽህ እንኳ እሱ አያውቅበትም።»

ጎንበስ ብላ ከኮርቻው ሥር ያለችውን የፊውዝ ሳጥን ክዳን በጥፍሯ ከፈተች።

የፊውዟ ክር ተበጥሳለች። በመስታወት ቱቦዋ ላይ ግን ብርማ ወረቀት ተጠቅልሏል፤ የማስቲካ ወረቀት። በሦስት ታጥፏል፣ ጫፎቹ ወደ ውስጥ ተቀልብሰዋል። እንዲህ አድርጎ የሚያጥፍ ሰው በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ነው። አንዷ ራሷ ናት።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ውለው ሲመለሱ ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ነበር። ማሙሽ እናቱ ሳይፈልጉት ቤት መድረስ ነበረበት፤ ላብ አጠመቀው። ቁንዶ እየሳቀች ከኪሱ የማስቲካውን ወረቀት ቀማችው። «እይ፣ በሦስት፣ ጫፉን ወደ ውስጥ። ግን ቤት እስክትደርስ ብቻ ነው። ፊውዝ የሚበጠሰው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ ይሄ ወረቀት ግን አይበጠስም፤ ሽቦው ነው የሚነድልህ። ሰምተሃል?» እሱ ከንፈሯን እያየ፣ «ሰምቻለሁ» አለ። በማግሥቱ እሷው ራሷ ወረቀቱን አውጥታ አዲስ ፊውዝ አስገባችለት።

ያን ቀን ማሙሽ ከትምህርቱ ግማሹን ብቻ ይዞ ነበር የሄደው። በኋላ ፊውዙ ሲበጠስ፣ ዝም ብሎ የሷን እጅ እያስታወሰ አጠፈ። ምናልባትም ፈገግ እያለ።

ፊውዙን ከነወረቀቱ አወጣችና በግራ መዳፏ ጨበጠችው። ቀና ስትል ዓይናቸው ተጋጨ። አይቷል። ፊቱ አመድ መሰለ፣ ከንፈሩ ተላቀቀ። አሁን ገና ነው የገባው። ይህን ሁሉ ጊዜ ወንድሙን ያቃጠለው ማን እንደሆነ አላወቀም ነበር።

መዳፏን ብትከፍት ስሟ ይነጻል። ግን ታላቅየው ብሎን ጠፋብኝ ብሎ የመጋዘን ሠራተኛ ጥርስ ያወለቀ ሰው ነው፤ ወንድሙንም ልጅ እያለ በቀበቶ ዘለበት ፈንክቶታል፤ ጠባሳው የት እንዳለ ቁንዶ በጣቷ ታውቀዋለች። ሆስፒታል ላይ እሷ ስትሰደብ ወለሉን ያየውን ሰው ለማዳን ጣቶቿ ለምን እንደተጨበጡ ራሷም አልገባትም። ተጨበጡ፣ በቃ።

*

በአንድ እጅ መሥራት ጀመረች።

«ግራ እጅሽን ምን ነካው?» አለ ታላቅየው።

«የሰበርከው መስታወት ቆረጠኝ።»

አምፖሏን በፊውዙ ቦታ ሰካች፤ የሞተሩ ባትሪ ስለተቃጠለ የራሷን አገናኘች። ቁልፉ አልዞረም፣ መብራት የነካ የለም። አምፖሏ ቦግ አለች።

ቀይ ብርሃኑ በቁንዶ አገጭ ላይ፣ በታላቅየው ፋሻ ላይ፣ በማሙሽ ተዛንፎ በተቆለፈ ሸሚዝ ላይ እኩል ወደቀ።

ከኋላ ጀመረች። የፍሬኑን መብራት ሽቦ ነቀለች፤ አምፖሏ አልጠፋችም። በኮርቻው ሥር ያለውን ጥቅል በእንጨት ዘንግ አንሥታ ነቀነቀች፤ አልጠፋችም። ታንከሩን ፈትታ አነሣች። ከሥሩ ሁሉ ነገር ከስሏል፤ የቤንዚኑ ቱቦ ቀልጦ እንደ ሻማ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ታላቅየው ያን ሲያይ በአፍንጫው ተነፈሰ።

«ይኸው! ይኸው እጅሽ! ለዚህ ነው ማሙሽን ያዞርሽው? መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ ሞተሩን፣ ከዚያ እኔን!»

«ወንድም ጋሼ...» አለ ማሙሽ።

«አንተ ዝጋ!»

ቁንዶ መሪውን ያዘችና ወደ ቀኝ አዞረችው። አምፖሏ ጠፋች። ወደ ግራ መለሰችው። በራች። ደገመችው፤ ጠፋች፣ በራች።

«ወደ መጋዘኑ ስትታጠፍ በየት በኩል ነበር?»

«በግራ» አለ ታላቅየው። ከመጣ ጀምሮ ሳይጮህ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነበር።

መሪው ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ጎንበስ አለች። እሳቱ እዚህ አልደረሰም። የሷ ሽቦዎች እንዳሰረቻቸው ናቸው፤ በየጣት ርቀቱ በሰም በተቀባ የጫማ ክር ተቋጥረው፣ ሰልፍ እንደያዙ ሰዎች ተደርድረው። ቁንዶ የሽቦ ማጣበቂያ ናስትሮ አትጠቀምም፤ ሙቀት ያላቅቀዋል። ከሷ ሽቦዎች ጎን ግን አንድ ወፍራም ቀይ ሽቦ በሰማያዊ ናስትሮ ተጣብቆ ያልፋል። መሪው በዞረ ቁጥር ብረቱ ሲያኝከው ኖሮ ልጣጩ ተገሽልጧል፤ ውስጡ ያለው መዳብ አፍጥጧል። በዓይኗ ተከተለችው፤ ከፊት መብራቱ ሥር ወደ ተንጠለጠለው ትልቅ የጭነት መኪና ክላክስ ይሄዳል።

«ይሄን ክላክስ ማን አሰረው?»

ታላቅየው ክላክሱ ላይ አፈጠጠ።

«ማን አሰረው?»

«እኔ» አለ ታላቅየው።

«ጋራዤ ከመጋዘንህ ፊት ለፊት ነው። ምነው አላመጣኸውም?»

«እዚህ ደጃፍ እግሬን አልጥልም ብዬ ስለማልኩ ነዋ!»

ቁንዶ አልሳቀችም። የእንጨቱን ዘንግ በቀዩ ሽቦ ሥር አስገብታ ከብረቱ ቀስ አድርጋ አነሣችው።

አምፖሏ ጠፋች።

ያን ጊዜ ቁንዶ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሲረግብ ተሰማት። እፎይታ መስሏት ነበር፤ ግን አልነበረም። ይህን ጨለማ አብሯት እንዲያይላት የፈለገችው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ፣ እሱም አጠገቧ ቆሞ እንኳ ሩቅ እንደሆነ የገባት ያን ጊዜ ነው።

*

«ቆይ!» አለ ታላቅየው። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «ቆይ እንጂ! እኔን ሞኝ ልታደርጊኝ? ሽቦ ብረት ሲነካ ፊውዝ ይበጠሳል፣ አለቀ ደቀቀ! ይሄን አባቴ ያስተማረኝ ሱሪ ሳልታጠቅ ነው። ፊውዙ ቢበጠስ ኖሮ እሳት አይነሣም ነበር። ምን አስገባሽበት? ፊውዙ የታለ?»

ቁንዶ ግራ መዳፏን አጥብቃ ጨበጠች።

«ፊውዙ የታለ አልኩሽ!»

ዓይኑ ወደ ግራ እጇ ወረደ።

«ክፈቺው።»

«መስታወት ቆርጦኝ...»

«ደሙስ?»

እጇን አንጓው ላይ ያዛት። ጤነኛ እጁ ግራው ብቻ ነበር፤ ግን ሲሚንቶ ሲያነሣ ያደገ እጅ ነው። አዙሮ ከጀርባዋ ጋር አጣበቀው። ቁንዶ ጥርሷን ነከሰች። አንድ ጣቷን በፋሻው እጁ ይዞ ወደ ኋላ ሲያጥፈው የራሱም ቁስል አስጮኸው፤ ሁለቱም ባንድ ላይ ጮኹ። ዞራ ክንዱን ነከሰችው። በጥፊ መታት። ጆሮዋ ጭው አለ፣ ግድግዳው ዘመመ። ከመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ የብሎን መፍቻ ቺያቬ አፈፍ አድርጋ የቅልጥሙን አጥንት አገኘችው፤ ብረት በአጥንት ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ያ ደረቅ ድምፅ ተሰማ። ታላቅየው በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ግን አለቀቃትም። በጸጉሯ ይዞ ጎተታት፣ መደርደሪያው ተናወጠ፣ የብሎን ጣሳዎች በላያቸው ላይ ዘነቡ።

«ክፈቺው! እሰብረዋለሁ! እጅሽን እሰብረዋለሁ!»

«ስበረው!» አለች ቁንዶ። አፏ ውስጥ ደም ነበር። «ስበረው፣ አልከፍተውም!»

«ወንድም ጋሼ፣ ልቀቃት። እኔ ነኝ።»

ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ግን ሁለቱም ሰሙት።

«ፊውዙ ላይ የማስቲካ ወረቀት ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለ ማሙሽ። ከግድግዳው ተላቅቆ መጥቶ ነበር። «ሞተሩ አልነሣ ብሎህ ስትሳደብ፣ አስነሣሁልህ እኮ። ጎበዝ አልከኝ። ያን ቀን ነው። ያቃጠልኩህ እኔ ነኝ።»

ታላቅየው ቁንዶን ለቀቃት። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ቀስ ማለቱ ከጩኸቱ የበለጠ ያስፈራ ነበር። ከዚያ ወንድሙን ፊቱ ላይ በቡጢ አለው።

የአፍንጫው አጥንት ቀጭ ሲል ቁንዶ ሰማች። ማሙሽ ተንገዳግዶ በጀርባው ሞተሩ ላይ ወደቀ፤ ሞተሩም እሱም ተያይዘው ወለሉ ላይ ተዘረሩ። ታላቅየው ላዩ ላይ ወጣበት። አንዴ ይመታዋል፣ «ወንድምህን!» ይላል፤ ይደግማል፣ «የእናትህን ልጅ!» ይላል። ማሙሽ እጁን አላነሣም። ፊቱን እንኳ አልሸፈነም። የሚገባውን እንደሚቀበል ሰው ተጋድሞ ነበር፤ ቁንዶን ያሳበዳት ይኸው ነው። ቺያቬዋን ጥላ በታላቅየው ጀርባ ላይ ዘላ ተንጠለጠለች፣ አንገቱን አነቀች፣ ጆሮውን ቧጠጠች።

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ አንተ አውሬ! ከመታህ ሁለታችንን ምታ!»

ወዲያው ከላይ ቀዝቃዛ ዝገት የሚሸት ውሃ ግልብጥ አለባቸው።

ሦስቱም ቀጥ አሉ። አጎቷ በያጁ የብየዳ ጭንብሉን ወደ ራሱ ገልብጦ፣ ባዶ ባልዲ ይዞ በኋላ በር ቆሟል።

«የጋለ ብረት የማቀዘቅዝበት ውሃ ነው» አለ። «ሌላም ባልዲ አለኝ። ከሱ በኋላ ግን ያለኝ እሳቱ ነው። ልጄን ልቀቅ።»

«የያዘችኝ እሷ ናት!» አለ ታላቅየው እያሳለ።

በያጁ ተመለከተ። እውነትም የያዘችው እሷ ነበረች።

«በል አንቺም ልቀቂው፣ የኔ ልጅ። ሰውየው ሊታነቅ ነው።»

ታላቅየው ተነሥቶ ወለሉ ላይ በተጋደመ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ፋሻው ተፈትቶ በእጁ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሥሩ ያለው ቆዳ ሮዝና እርጥብ ነው፣ ከጣቶቹ መሀል ደም ይወርዳል። ቁንዶ ግራ መዳፏን ፊቱ ዘርግታ ከፈተችለት። ወረቀቷ በመጨበጥ ብዛት ተጨማድዳ ከፊውዟ ጋር አንድ ሆናለች።

ታላቅየው ወረቀቷን ረጅም ጊዜ አያት።

«በማስቲካ» አለ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ መለየት አልተቻለም። «የአባቴን ሞተር በማስቲካ። እኔ እኮ... የምሞት መስሎኝ ነበር። ሱሪዬ እየነደደ፣ አባቴን ነው የጠራሁት። በዚህ ዕድሜዬ።»

ማሙሽ ወለሉ ላይ ሆኖ፣ በደም በታፈነ ድምፅ፣ «ወንድም ጋሼ» አለ። ታላቅየው አላየውም። እያነከሰ ወደ በሩ ሄደ። መስታወቱ ከጫማው ሥር ተንኮሻኮሸ። ደፉ ላይ ሲደርስ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

«ክላክሱን አውጪው» አለ።

ሌላም ነገር ሊል አፉን ከፈተ። የገባው ቃል ትዝ ብሎት ይመስላል፣ ዘጋውና ወጣ። ፒካፑ እስኪነሣ ድረስ በጋራዡ ውስጥ የሚሰማው ከጸጉራቸው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ይልቅ ያ ጸጥታ ቁንዶን አስለቀሳት።

*

በያጁ ማሙሽን ቀና አድርጎ ግድግዳ አስደገፈው፣ አፍንጫውን አየለት፣ «አይሞትም፤ ግን ካሁን በኋላ ቆንጆ አይባልም» አለና ባልዲውን ይዞ ወጣ። በኋላ በሩን ከኋላው ዘጋው። ከዚያ በፊት ያን በር ዘግቶት አያውቅም።

ቁንዶ ንጹሕ ጨርቅ ይዛ አጠገቡ ተንበረከከች። ደሙን ስትጠርግለት እጇ የዋህ አልነበረም።

«ወይኔ! ቀስ በይ!»

«ዝም በል።»

«ጣትሽስ?»

«ዝም በል አልኩህ።» አበጥ ያለች ጣቷን ከዓይኑ ሰወረች። «ሆስፒታል ላይ ለምን ዝም አልክ?» አለች።

ማሙሽ ጣራውን አየ።

«አንቺ ያጠፋሽ መስሎኝ ነበር።»

እጇ ቆመ።

«ሽቦውን የሠራሽው አንቺ ነሽ። ሞተሩ ነደደ። እኔ ምን አውቃለሁ? ወረቀቷን እንኳ ረስቻታለሁ። ‹አይ፣ እሷ አይደለችም› ብዬ ልዋሽ ብል አፌ እምቢ አለኝ፤ ‹አዎ፣ እሷ ናት› ልል ብልም እምቢ አለኝ። አትምጪ ያልኩሽ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ‹ካገኘኋት እገድላታለሁ› ስላለ ነው። ግን በየቀኑ፣ የወንድሜን ፋሻ እየቀየርኩ፣ ‹ያቃጠለችውም እሷ ብትሆን እወዳታለሁ› እል ነበር። ያመመኝ እሱ ነው።»

ቁንዶ ይህን ቃል ስንት ቀን ጠብቃዋለች። መጣ፤ ግን ከነእሾኹ መጣ። ጨርቁን ደረቱ ላይ ወረወረችው።

«ብታቃጥለውም እወዳታለሁ? ሥጦታ መሆኑ ነው? ማን ለመነህ! እኔ ሥራዬን እንድታምንልኝ ነበር የፈለግኩት! አንድ ቀን መጥተህ፣ ‹ቁንዶ፣ አንቺ ነሽ?› ብትለኝ ምን ነበረበት? ‹አይደለሁም› እልህ ነበር። በቃ! አንዲት ቃል ነበረች!» ደረቱን መታችው፤ ደገመችው። ሦስተኛው ላይ እጇ እዚያው ቀረ፣ ሸሚዙን ጨብጦ። «የጋራዥ ልጅ ያሉኝ እናትህ አላመሙኝም። አንተ ግን በኋላ በር እየመጣህ፣ ውስጥህም የኋላ በር ነበረው።»

የማሙሽ ዓይን አሁን ወለል አላየም፤ እሷን አየ፣ እስከ መጨረሻው። ያበጠው ዓይኑ እንባ ሲያወጣ ያቃጥለው ኖሮ ተኮማተረ። ቁንዶ እጇ ሥር ልቡ ሲመታ ይሰማታል። ሳታስበው ተዛንፎ የተቆለፈውን ቁልፍ ፈትታ ወደ ቦታው መለሰችው። ከዚያ የሚቀጥለውን። ከዚያ የሚቀጥለውን።

«ይቅር ብዬህ አይደለም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ዓይኔን ስለረበሸኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ማሙሽ፣ አንገቱ ሥር ያለችው እጇ እንዳትነሣ ትንፋሹን ይዞ።

*

ሞተሩን አብረው አነሡት። ቁንዶ የክላክሱን ቀይ ሽቦ ከነሰማያዊ ናስትሮው ጎትታ አወጣችና ክላክሱን ፈትታ ጥጉ ላይ አኖረችው። የከሰለውን ሽቦ ቆርጣ በአዲስ ቀጠለች። ያበጠች ጣቷ ቋጠሮውን ስላልቻለች ማሙሽ ክሩን ያዘላት፤ «ሳብ» ስትለው ይስባል፣ «በቃ» ስትለው ይተዋል። አምፖሏን እንደገና ሰካች። መሪውን ወደ ቀኝ አዞረችው፣ ወደ ግራ አዞረችው። አምፖሏ ጨለማ እንደሆነች ቀረች።

አዲስ ፊውዝ ከጣሳ አውጥታ መዳፉ ላይ አደረገችለት።

«አንተ አስገባው። ይሄ ሲበጠስ ምን ታደርጋለህ?»

«አመጣልሻለሁ።»

«በየት በኩል?»

ማሙሽ ወደ ፊት በር ዞር አለ። መስታወቱ አሁንም እንደተበተነ ነው፤ ከማዶ የመጋዘኑ በር ተከፍቶ ሠራተኞች ሲሚንቶ ይጭናሉ። ሰገነቱ ላይ እናቱ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመዋል። ወደዚህ ነው የሚያዩት።

ፊውዟን በቦታዋ አስገባ። ከጥጉ መጥረጊያውን አነሣ። አፍንጫው አብጦ፣ ሸሚዙ በደም ቀልቶ፣ ቁልፎቹ ግን ቀጥ ብለው ተቆልፈው፣ በደፉ ላይ ቆመና በሁሉም ዓይን ፊት መስታወቱን መጥረግ ጀመረ። ማዶ አንድ ሠራተኛ ጆንያ እንደተሸከመ ቆሞ ቀረ። እናቲቱ አልተጣሩም፣ ወደ ውስጥም አልገቡም። ማሙሽ አንዴ ቀና ብሎ አያቸው፤ ከዚያ ወደ መጥረጊያው ተመለሰ። ስባሪዎቹ ወደ አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ቀጭን ድምፅ ያሰማሉ።

ቁንዶ ጉንጯ ይቃጠላል፣ ጣቷ ይጠዘጥዛል። ልትጠራው ፈለገች፤ አልጠራችውም። ይጨርስ። አምፖሏን ከሽቦው አላቀቀች፣ እፍ ብላ አቧራዋን አራገፈች፣ በቢጫው ጨርቅ ጠቀለለቻትና ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ በቦታዋ፣ አስቀመጠቻት።